ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ እንደገና ሲያም «ይነቀል» ለማለት ምን አስቸኮለን?

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ቆጣ ያለ ነው፤ ረዘም ያለም ነው። ሩት ካናል ያሠራችሁ ወይም ለልጃችሁ ያሠራችሁ ካላችሁ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል።

እዚህ መጋላ ውስጥ አንድ ፍርድ እንደ ሕግ ሆኖ ይዞራል። ሰውየው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በፊት ሩት ካናል አሠርቷል። ገንዘቡን ከፍሏል፣ ተመላልሷል፣ ሕመሙም ጠፍቶለት ነበር። አሁን በዚያ ጥርስ ሲነክስ ይጠዘጥዘዋል፤ ወይም ድዱ ላይ ብጉር መሳይ ነገር ወጥታ መግል ታፈሳለች። ለጎረቤት ሲነግር፣ ቀፊራ ገበያ ያለ ወዳጁን ሲያማክር፣ መድሃኒት ቤት ጎራ ሲል መልሱ አንድ ነው፤ «አቦ! ሩት ካናል ተሠርቶለት ካልዳነ በቃ አይድንም፤ አስነቅለውና ተገላገል።» ደቻቱን ተሻግሮ ከዚራ ቢሄድም የሚሰማው ይኸው ነው። የሚያሳዝነው ከሙያው ሰዎች መካከልም ራጅ እንኳ ሳያነሱ ይህን ፍርድ የሚያጸድቁ መኖራቸው ነው።

እኔ ይህን ፍርድ እቃወማለሁ። የከሸፈ ሩት ካናል ያለበት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀለት ጥርስ አይደለም፤ ሥራው ያላለቀለት ጥርስ ነው። ያልተጨረሰውን ከፍቶ የመጨረስ ህክምና አለ፤ ዳግም የጥርስ ሥር ህክምና ይባላል። በዓለም ላይ የወጡ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ዳግም ከታከሙ 4 ጥርሶች 3ቱ ገደማ ይድናሉ። ለመሞከር እንኳ ሳንጠይቅ ጉጠት የምናነሳው ታዲያ ለምንድን ነው?

«ነርቩ ከተገደለ እንዴት ያማል?»

ግማሹ ችግር የመጣው ከስሙ ነው። ሰዉ ሩት ካናልን «ነርቭ ማስገደል» ይለዋል። ነርቩ ሞቷል ከተባለ በኋላ ሲያመው ህክምናው አይሠራም ብሎ ይደመድማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርሳችን መሀሉ ክፍት ነው፤ በዚያ ክፍት ቦታ ነርቭና ደም ሥር የያዘ ለስላሳ ሥጋ አለ። ጥርስ ተቦርቡሮ ጀርም እዚያ ሲደርስ ሥጋው ይቆጣል፤ እየቆየም ይሞታል። ሩት ካናል ማለት ያን የታመመ ወይም የሞተ ሥጋ ማውጣት፣ ቱቦውን ማጠብ፣ ከዚያም ጀርም ተመልሶ እንዳይገባ አጥብቆ መድፈን ነው። ጥርሱን አቅፎ የያዘው አጥንትና ጅማት ግን በሕይወት አለ፤ የራሱ ነርቭም አለው። ቱቦው ውስጥ ጀርም ከቀረ በሥሩ ጫፍ በኩል አጥንቱን ያስቆጣዋል። ስትነክሱ የሚያማችሁ እሱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አያምም፤ ራጅ ላይ ብቻ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ጠቆር ያለ ጥላ ይታያል። ያ ጥላ አጥንቱ እየተበላ መሆኑን ይነግረናል። «አያመኝም፣ ስለዚህ ደህና ነው» ማለት የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ለምን ከሸፈ?» ብሎ ነው። ድሬዳዋ ባቡር የመሠረታት ከተማ ናት፤ ሐዲዱ እዚህ ከደረሰበት ከ1902 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ። ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠሩ አባቶች አሁንም በመካከላችን አሉ። እስኪ ጠይቋቸው፤ አንድ ሞተር ሲቆም ሳይከፍቱ፣ የት ላይ እንደተበላሸ ሳያዩ «ይጣል» ይሉ ነበር? ለአሮጌ ሎኮሞቲቭ የተሰጠው ትዕግሥት ለ25 ዓመት ወጣት መንጋጋ ሲነፈግ ማየት ያበሳጫል።

ለምን ይከሽፋል?

አንዱና ትልቁ ምክንያት የተዘለለ ቱቦ ነው። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ ሥሩ 3 ነው፤ ቱቦው ግን በአብዛኛው ሰው 4 ነው። አራተኛው በጣም ቀጭን ነው፤ አፉም ተደብቆ ነው የሚገኘው። በመነጽር ማጉያ፣ በጥሩ ብርሃንና በጊዜ ካልተፈለገ ይታለፋል። ከታች ያሉት የፊት ጥርሶችም አንድ ቱቦ ብቻ ያላቸው ይመስላሉ፤ ሁለት ያላቸው ግን ጥቂት አይደሉም። ያልተነካ ቱቦ ውስጥ የቀረው የሞተ ሥጋ ለጀርም ቀለብ ነው። ከሁሉ ደግሞ ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ የምትባል ባክቴሪያ አለች፤ በከሸፉ ሩት ካናሎች ውስጥ ደጋግማ ተገኝታለች። ምግብ ብታጣም ለረጅም ጊዜ ተደብቃ ትቆያለች።

ሁለተኛው ምራቅ ነው። እዚህ ላይ ነው በጣም የምቆጣው። ራበር ዳም የሚባል ቀጭን የጎማ ሽፋን አለ፤ የሚታከመውን ጥርስ ብቻ አውጥቶ የቀረውን አፍ ይጋርዳል። ምራቅ ወደ ቱቦው አይገባም፤ ትንሿ መሣሪያም ወደ ጉሮሮ አትወድቅም። ይህን ያመጣው ሳንፎርድ ባርነም የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም 1864 (እ.ኤ.አ.) ነው። ድሬዳዋ ከመመሥረቷ 38 ዓመት በፊት ማለት ነው! ዛሬም ግን በጥጥ ብቻ ሩት ካናል የሚሠራበት ወንበር አለ። አንድ ጠብታ ምራቅ እጅግ ብዙ ባክቴሪያ ይዛለች። ቱቦውን አጥቦ ምራቅ እንዲገባበት መፍቀድ ቤት ጠርጎ በሩን ለአቧራ ነፋስ ከፍቶ እንደመውጣት ነው። የድሬን አቧራ ለምታውቁ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ከህክምናው በኋላ የሚመጣው ነው። ጊዜያዊው ሙሌት የሳምንታት ዕድሜ ብቻ ያለው ነገር ነው። ሕመሙ ሲጠፋ ግን ሰው ይጠፋል። ክራውን (ሽፋን) ሳይለብስ፣ ቋሚ ሙሌት ሳይሞላ፣ በዚያው ጥርስ ለውዝና ቆሎ ይቆረጥማል፤ በርጫ ላይ ለሰዓታት ጫት ያኝክበታል፣ በላዩ ላይ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ይጠጣበታል። ሙሌቱ ይሸረፋል፤ ምራቁ በስንጥቁ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። በሽተኛውን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይደለም። «ጨርሰናል» ተብሎ ከወንበሩ የተነሣ ሰው ክራውኑ የህክምናው ክፍል መሆኑን ከየት ያውቃል? ገና ሲጀመር ጠቅላላ ዋጋው ከነክራውኑ ሊነገረው ይገባ ነበር።

ሌላም አለ። መድፈኛው ከሥሩ ጫፍ በጣም አጥሮ የቀረበት፣ ፋይል የሚባለው ቀጭን መሣሪያ ውስጥ ተሰብሮ የቀረበት፣ ክራውኑ ሥር አዲስ መቦርቦር የጀመረበት። ፋይል መሰበር ጥንቁቅ ሐኪም ላይም ይደርሳል። ነውሩ ለበሽተኛው አለመንገር ነው።

ዳግም ህክምናው ምን ይመስላል?

ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት መከፈቱን ነው። ማደንዘዣ ስላለ ሕመሙ ከመጀመሪያው አይብስም፤ ሥራው ግን ይበልጥ አድካሚና ረጅም ነው። አሮጌው ክራውን ወይም ሙሌት ይነሣል። ቱቦው ውስጥ ያለው መድፈኛ ጉታፐርቻ ይባላል፤ ከዛፍ የሚገኝ ጎማ መሳይ ነገር ነው። በሙቀትና በትንንሽ ፋይሎች እየተሰነጠረ ይወጣል፤ እንዲለሰልስም ማሟሟያ ይጨመርበታል። ከማሟሟያዎቹ አንዱ ከባሕር ዛፍ ዘይት የሚገኝ ነው። የተዘለለው ቱቦ ይፈለጋል። ከዚያ ማጠብ፣ ማጠብ፣ ማጠብ። የምናጥብበት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የምታውቁት የበረኪና ዋና ንጥረ ነገር ነው። በቀጠሮዎቹ መካከል ቱቦው ውስጥ የምናስቀምጠው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ የኖራ ወገን ነው። (እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ቤት ውስጥ በረኪና ወይም ኖራ ጥርስ ላይ እንዳታደርጉ! ድድና ምላስ ያቃጥላል። ሐኪሙ የሚጠቀመው ተመጥኖ የተዘጋጀውን ነው፤ በራበር ዳም ተጋርዶ ደግሞ።) ጥርሱ ሲረጋጋ እንደገና ይደፈናል፤ ክራውንም ይለብሳል።

ውጤቱ በአንድ ቀን አይታይም። የተበላ አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ራጅ ተነሥቶ ጥላው መጥበቡ ይታያል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ እስከ 4 ዓመት የሚወስድም አለ። ስኳር ያለባችሁ ስኳራችሁን ካልተቆጣጠራችሁ ይዘገያል። በዚህ መሀል ትዕግሥት ያጣ ሐኪም ወይም በሽተኛ የሚድነውን ጥርስ ሊነቅለው ይችላል።

መሣሪያው ከላይ መግባት ካልቻለ ደግሞ በትንሽ ቀዶ ህክምና ከድዱ በኩል ገብቶ የታመመውን የሥር ጫፍ ቆርጦ ማውጣትና ከታች መድፈን ይቻላል። ይህ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ድሬ ውስጥ የሚሠራው ከሌለ አዲስ አበባ መሄድን ይጠይቃል፤ ለአንድ ጥርስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ለሁሉም አይሆንም፤ እሱን አልክድም።

አሞክሳሲሊን ጥርስ አያክምም

ከመድሃኒት ቤት አሞክሳሲሊን፣ አውግመንቲን፣ ሜትሮኒዳዞል ገዝታችሁ ስትውጡ እብጠቱ ይቀንስና ደስ ይላችኋል። ከወር በኋላ ይመለሳል። ሁለተኛ ትውጣላችሁ፤ ሦስተኛ ትውጣላችሁ። ለምን እንደሚመለስ አስቡት። መድሃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፤ ውስጡ በሞተ ጥርስ ቱቦ ውስጥ ደግሞ የሚዘዋወር ደም የለም። ጎሬው ጋ አይደርስም ማለት ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ጤናማ የመከላከል አቅም ላላቸው አዋቂዎች ጥርሱን ራሱን ማከም እስከተቻለ ድረስ ለአብዛኛው የዚህ ዓይነት ሕመም አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ መክሯል። ትኩሳት ካለ፣ እብጠቱ ፊት ላይ ከተሰራጨ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔም ቢሆን መድሃኒቱ ረዳት እንጂ ህክምናው አይደለም። በየወሩ ያለ ትእዛዝ የሚዋጠው ኪኒን ጀርሙን እያለማመደ ነገ ልጃችሁ በሳንባ ምች ስትታመም የሚፈለገውን መድሃኒት ያዳክመዋል። ዲክሎፌናክ በላይ በላዩ መዋጥ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

«ነቅሎ ኢምፕላንት መትከል አይሻልም?»

ይህን የሚሉ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዱ ቅን ጠያቂ ነው፤ ሌላው ሻጭ ነው። ኢምፕላንት ጥሩ ህክምና ነው፤ ጥርስ ለሌለው ሰው። ዋጋው ከዳግም ህክምናው ከነክራውኑ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ በቂ አጥንት ይፈልጋል፤ ሲጋራ የሚያጨስና ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ላይ የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምራል። ደግሞም ድዱ ካልተጠበቀ ኢምፕላንትም ዙሪያው ይቆጣል፤ አጥንቱም ይበላል። ብሪጅ ላድርግ ካላችሁ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ይሞረዳሉ፤ ጤነኛ ቢሆኑም። አንድ ጥርስ ለመተካት ሁለት ጤነኛ ጥርስ መገዝገዝ ማለት ነው።

ክፍት ትቼው እኖራለሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ከጎኑ ያለው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፤ ከላይ ያለው ይወርዳል፤ ምግብ መቀርቀር ይጀምራል፤ ማኘክ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ማስነቀል የሚረክሰው በዚያው ቀን ብቻ ነው። ዳግም ህክምና ውድ ነው፤ ከመጀመሪያውም ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን ደብቄ «አስጠግኑ» ብላችሁ ውሸት ነው። የቀን ሥራ ሠርቶ ለሚያድር ሰው የሁለቱን ዋጋ ፊት ለፊት አስቀምጦ ማስረዳት የሐኪሙ ግዴታ ነው፤ መወሰን የባለጥርሱ ነው። አቅም ጨርሶ ከሌለ ኢንፌክሽን አፍ ውስጥ ይዞ ከመኖር መነቀሉ ይሻላል። እኔ የምቃወመው ምርጫው ሳይነገረው፣ ራጅ ሳይታይለት፣ «አይድንም» ተብሎ የሚነቀልለትን ሰው ጉዳይ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ «ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ሰውነት ይመርዛል፣ ካንሰር ያመጣል» የሚለውን ወሬም ላንሳ። ከ100 ዓመት በፊት ዌስተን ፕራይስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ካሠራጨው ሐሳብ የተረፈ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው መዳን የሚችል ጥርሱን አጣ፤ በኋላ ሌሎች ሙከራዎቹን ሲደግሙት ውጤቱን አላገኙትም። በስልካችሁ ቪዲዮ ሆኖ ሲመጣ አትደንግጡ።

መነቀል ያለበት የትኛው ነው?

አለ፤ እሱንም በግልጽ ልናገር። ሥሩ ቁልቁል የተሰነጠቀ ጥርስ ተስፋ የለውም። ከድድ በላይ የቀረው ጤነኛ የጥርስ አካል ክራውን ሊይዝ የማይችል ከሆነ፣ ማለትም ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንኳ ካልተረፈ፣ ቱቦውን ማደስ ገንዘብ ማባከን ነው። በድድ በሽታ አጥንቱን አጥቶ የሚወዛወዝም እንዲሁ። የማትገናኙበት፣ የማትነክሱበት የዕውቀት ጥርስ ከሆነም ባትደክሙበት ይሻላል። ይህ ሁሉ ግን በራጅና በምርመራ ነው የሚታወቀው፤ ከበር ላይ በዓይን አይታወቅም።

ወላጆች፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ

ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሞላው ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ጀርባ አንድ ትልቅ መንጋጋ ይበቅላል። የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ ብዙ እናትና አባት የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል። ሲቦረቦርም «ይወልቃል፣ ሌላ ይመጣል» ይባላል። አይመጣም! ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው ቋሚ ጥርስ እሱ ነው። ሩት ካናል ተሠርቶለት ከሽፎ የሚመጣው የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ጥርስ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የዚህ ጥርስ ሥር ጫፉ የሚዘጋው በ9 ወይም በ10 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ነርቩ ከሞተ ጫፉ ክፍት እንደሆነ ይቀራል፤ በተለመደው መድፈኛም አጥብቆ አይዘጋም። ኤም ቲ ኤ የሚባል ልዩ ሲሚንቶ አለ፤ ጫፉን እሱ ይዘጋዋል። ስለዚህ የልጃችሁ ሩት ካናል ከሸፈ ሲባል «ሥሩ ጫፉ ተዘግቶ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ15 ዓመት የተነቀለ መንጋጋ ክፍተቱ አብሮ 50 እና 60 ዓመት ይኖራል፤ ኢምፕላንትም ዕድገት እስኪያበቃ አይተከልም።

የወተት ጥርስ ግን ለየት ይላል። ታክሞ መግል ከያዘ ብዙ ጊዜ መነቀሉ ነው የሚሻለው፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላልና። ቦታው እንዳይጠብ ማስጠበቂያ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ።

ከመነቀሉ በፊት ምን ልጠይቅ?

«ለምን እንደከሸፈ በራጁ ላይ ያሳዩኝ።» «ሁሉም ቱቦ ተገኝቶ ነበር?» «ራበር ዳም ይጠቀማሉ?» «ከነክራውኑ ጠቅላላው ስንት ነው?» «እርስዎ ካልሠሩት ማን ይሠራዋል?» እነዚህን መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። ለባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ፤ የማንችለውን «አይቻልም» አንበል፤ «እኔ ጋ አይሠራም» እንበል። ሁለቱ መልሶች ለበሽተኛው በጥርስ ይለያያሉ።

አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬደውን ደግሞ ለይታችሁ እወቁ። ከምላስ ሥር ወይም ከአገጭ በታች ያበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የከለከለ፣ አፍ አላስከፍት ያለ፣ ዓይን የደፈነ፣ ከትኩሳት ጋር የመጣ እብጠት ሌሊትም ቢሆን አያሳድርም። በባጃጅም ሆነ ባገኛችሁት ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደ ቅርባችሁ ያለ ሆስፒታል ሂዱ፤ ይህ ሕይወት የሚቀጥፍ ነገር ነው።

ለሌላው ጊዜ ያለው ግን አይቸኩል። ራጃችሁን የከፈላችሁበት ስለሆነ ቅጂውን ጠይቁ፤ ፊልም ከሆነ በመስኮት ብርሃን አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ጥርሱ መቼ እንደተሠራም ከፎቶው ጋር ጻፉት። ሁለተኛ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ከአሁኑ ራጅ ጎን ያን አሮጌውን ስታቀርቡ፣ ጥላው እየሰፋ ነው ወይስ እየጠበበ የሚለው ወዲያው ይታያል።